አዋጅ ቀን ይሰጣል እንጂ ትርጉም አይሰጥም

አንድ ኅብረተሰብ ከዓመቱ ቀናት መካከል ጥቂቶቹን መርጦ የሚያከብረው ሥራ ስለ ጠላ ወይም ድግስ ስለ ናፈቀ አይደለም። ያለፈውን ከሚመጣው ጋር የሚያስተሳስርበት ቋጠሮ ስለሚሻ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር የሕዝብ በዓላት ዝርዝር የመሥሪያ ቤት መዝጊያና መክፈቻ ሠንጠረዥ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያ አገር ማንን ወገኔ እንደሚል፣ ምኑን ድል ምኑንስ ሐዘን ብሎ እንደሚጠራ የሚገልጽ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ የበዓላት ዝርዝር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተጽፏል፣ ተፍቋል፣ እንደገናም ተጽፏል። ታዲያ ከተጻፉት ቀናት መካከል አንዳንዶቹ ሕያው ሆነው ሲኖሩ ሌሎቹ አዋጁን ካወጣው ሥርዓት ጋር አብረው የተቀበሩት ስለምንድን ነው? በባሕል መስክ የተሰማራን ሁሉ ይህን ጥያቄ በወጉ አልመለስነውም። ባለመመለሳችንም ዛሬ በእጃችን ያሉትን ታላላቅ ቀናት አክባሪ መስለን እየገደልናቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክስ ይህ ነው፤ ክሱም ከራሳችን ይጀምራል።

በዘውዱ ዘመን ከብሔራዊ በዓላት መካከል ሁለቱ የአንድ ሰው በዓላት ነበሩ። ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ጥቅምት 23 ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ዕለት ነበር። ተማሪው ተሰልፎ ይዘምር፣ ከተማው በመብራት ያሸበርቅ፣ ጋዜጣው በውዳሴ ግጥም ይሞላ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወድቅ ሁለቱም ቀናት አብረው ወደቁ። በቦታቸው መስከረም 2 ገባ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ወታደሩ፣ ሠራተኛው፣ ገበሬውና ተማሪው በየዓመቱ በዚያ ሰፊ ሜዳ ተሰለፈ። ቀኑ የሰፊው ሕዝብ ነው ተብሎ ቢታወጅም፣ ሰፊው ሕዝብ በቀበሌ ስሙ እየተጠራ የሚወጣበት ቀን እየሆነ ስለ ሄደ፣ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ መስከረም 2 ተራ የሥራ ቀን ሆነ። ቀጥሎ ግንቦት 20 መጣ። ለዓመታት መድረኩን፣ ባንዲራውንና ሪፖርቱን ይዞ ኖረ፤ ዛሬ ግን ያ ሁሉ መፈክርና ሰልፍ የለም።

ይህ ማለት በእነዚያ ቀናት ዙሪያ ደም አልፈሰሰም፣ ተስፋ አልተጣለባቸውም ማለት አይደለም። ልጇን ያጣች እናት ቀኑን በሆዷ ይዛለች። ነገር ግን አዋጁ እርሷን አልጠየቃትም። የተጻፈ መፈክር ሰጣት እንጂ የእርሷን ቃል አልተቀበለም። ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች በሦስት የተለያዩ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ሠሩ፤ የመንግሥትን ልደት የሕዝብ በዓል ብለው ጠሩት።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ከዝርዝሩ የተፋቁት ሐምሌ 16 እና ጥቅምት 23 ዛሬም በአገራችን የሚከበሩበት ስፍራ አለ። ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ሁለቱንም ቀናት በከበሮና በዝማሬ ያከብራሉ። በእምነታቸው እንስማማ አንስማማ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ልንማር የሚገባን፣ መንግሥት የተወውን ቀን አንድ ማኅበረሰብ የራሱን ትርጉም ስለ ሰጠው ብቻ ያለ አዋጅና ያለ በጀት ማኖር መቻሉን ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለን። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ በኢትዮጵያ የሕዝብ በዓላት አልነበሩም። የአገሪቱ ሙስሊም በገዛ አገሩ በዓሉን የሚያከብረው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ አዲስ አበባ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያኖችም ከሙስሊም ወንድሞቻቸው ጋር አብረው ተሰለፉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓላችን ይከበር የሚል ነበር። በተከታዩ ዓመት በዓላቱ ታወቁ። አዋጁ እዚህ ላይ አዲስ በዓል አልፈጠረም። ሕዝብ ለዘመናት ሲያከብረው የኖረውን ተቀብሎ አጸና እንጂ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ተለዋወጠ፣ ሕገ መንግሥት ተለዋወጠ፣ እነዚህን ቀናት ግን የነካቸው የለም። ሕዝብ በእግሩ ተራምዶ ያመጣው በዓልና ከቢሮ በደብዳቤ የወረደ በዓል ልዩነታቸው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድል ቀን እንምጣ፤ ግራ መጋባታችን ጎልቶ የሚታየው በዚህ ቀን ላይ ነውና። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ። የዘውዱ መንግሥት ይህን ዕለት የድል በዓል አደረገው። ደርግ ደግሞ ይህ የንጉሥ መመለሻ እንጂ የሕዝብ ድል አይደለም ብሎ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቀኑ እንደገና ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

ደርግ ያነሣው ሂስ ግማሽ እውነት ነበረው። አምስቱን ዓመት በዱር በገደል የተዋደቀው አርበኛ እንጂ የቤተ መንግሥት ሰልፍ አልነበረም። መፍትሔው ግን ራሱ ስሕተት ነበር። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእንግሊዝ አዛዦች የሚመራ ጦር ነውና፣ የአንዱ መግቢያ ቀን በሌላው መግቢያ ቀን ተተካ እንጂ አርበኛው የራሱን ቀን አላገኘም። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድ ቀላል ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ፦ አንተ አገር ጠላት የወጣው መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ አንድ አይሆንም ነበር። ሐረር ከፋሺስት አገዛዝ የወጣችው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ እንደራሴ አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው። ጅማ ነጻ የወጣችው በሰኔ ነው። ጎንደርማ ሚያዝያ 27 በአዲስ አበባ ባንዲራ ሲውለበለብ ገና በጠላት እጅ ነበረች፤ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚያ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የጎንደርን ልጅ በሚያዝያ አሰልፈን ዛሬ አገርህ ነጻ የወጣችበት ቀን ነው ስንለው፣ አያቱ ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ወር በላይ በጦርነት ውስጥ መኖሩን የሚነግረው ማን ነው? ሚያዝያ 27 የሁላችን የጋራ ቀን ሆኖ ይኑር፤ ግን በየአገሩ የራሱ ታሪክ ካልተጨመረበት የአዲስ አበባ ቀን ሆኖ ይቀራል።

የካቲት 12ም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። በ1929 ዓ.ም. በዚህ ዕለት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ተከትሎ ለሦስት ቀናት በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ በቃል አይገለጽም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል። ነገሩ ግን በአዲስ አበባ አላበቃም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የበቀሉ ጦር ደብረ ሊባኖስ ደረሰ። ግራዚያኒ ራሱ ግንቦት 13 ቀን 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ለሮም አስታወቀ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ የበለጠ መሆኑን ያሳያሉ። ከገዳሙ የተወሰዱ ዲያቆናትም በዚያው ሰሞን ከደብረ ብርሃን አጠገብ ተረሸኑ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በመንዝ አካባቢ በዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ፣ ሴቱና ሕፃኑ ጭምር፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቀ። አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤል በጎሬ ለጠላት አንገዛም በማለታቸው ተረሽነዋል። እንግዲህ የካቲት 12 የስድስት ኪሎ ሐውልት ቀን ብቻ አይደለም። የሰላሌ፣ የመንዝ፣ የጎሬ፣ የያንዳንዱ ወረዳ ቀን ነው።

እኛስ ምን አደረግነው? በአንድ ትምህርት ቤት የበዓል ዝግጅት ላይ መምህሩ ተማሪዎቹን «የካቲት 12 ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ሆስፒታል» አለ፤ ሁለተኛው «ትምህርት ቤት» አለ። አልዋሹም፤ ሁለቱም በዚህ ስም የሚጠሩ ተቋማት አሉ። ስሙ በበር ላይ ተጽፎ ሲኖር ታሪኩ ከበሩ ውጭ ቀረ። መምህሩም ደነገጠና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ያነበበው አምና የተነበበውን ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የካቲትን ከእናቱ አፍ የሰማ አንድ ሽማግሌ በእንግድነት ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ተነሥና ንገረን አላለውም። ፕሮግራሙ ላይ ስሙ አልነበረምና።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። የሁላችን ልማድ ነው። በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮሚቴ ይቋቋማል። ካድሬው ንግግሩን ከበላይ አካል ይጠብቃል። የኪነት ቡድኑ የተለመደውን ፉከራና ሽለላ ያሟሟቃል፤ ጎፈሬው፣ ጋሻውና ጦሩ ከዕቃ ግምጃ ቤት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ገጣሚው በዐድዋ ላይ የጻፈውን አንድ ቃል ለውጦ ለሚያዝያ 27 ያነበዋል። በማግስቱ ጋዜጣው በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከብሮ መዋሉን ይዘግባል። ደማቁ ምን ነበር? ባንዲራው ነበር፤ ካናቴራው ነበር። ሕዝቡ ግን ተመልካች ነበር። በገዛ በዓሉ ተመልካች የሆነ ሕዝብ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ከቤቱ አይወጣም፤ ቢወጣም ለዕረፍቱ ሲል ነው።

በዚህ ጊዜ ካድሬው ሕዝቡ ንቃት ይጎድለዋል ይላል። መምህሩ ወጣቱ ታሪክ ጠልቷል ይላል። ከያኒው ተመልካቹ ቀልድ ብቻ ነው የሚፈልገው ይላል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ለማስረጃ ኅዳር 12ን እንመልከት። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን መታ፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ረገፈ። ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰው ደጁን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን አከማችቶ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። በዚህ ቀን ሥራ አይዘጋም። ሰልፍ የለም፣ መድረክ የለም፣ ኮሚቴ የለም። ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ መጥረጊያውን የያዘ ሕፃን እንኳ ለምን እንደሚያጤስ አያቱን ይጠይቃል፣ አያቱም ይነግሩታል። ሕዝባችን መዘከር ያውቅበታል። ኅዳር 12 የኖረው ለእያንዳንዱ ቤት የሚሠራው ነገር ስለ ሰጠው ነው። እኛ ያዘጋጀናቸው በዓላት ግን ለእያንዳንዱ ቤት የሰጡት የሚያየውን ነገር ብቻ ነው።

የሚሰነዘርብን ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው፦ ለየአካባቢው የየራሱን ትርጉም ከሰጠን አገር ይከፋፈላል፤ ብሔራዊ በዓል አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች መስቀልን ቢመለከቱ መልሱን ያገኛሉ። ደመራ በአንዳንድ አገር በዋዜማው ማታ፣ በአንዳንድ አገር በዕለቱ ማለዳ ይለኮሳል። ለጉራጌው መስቀል በየከተማው የተበተነው ልጅ አገሩ የሚገባበት፣ ክትፎው የሚበላበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ወቅት ነው። ጋሞም የራሱ ወግ አለው፤ ጎንደርም፣ ትግራይም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት መስቀል ተከፋፈለ ያለ ሰው አለን? ይልቁንም በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ከነዚህ ሁሉ ወጉ ጋር ነው። የሲዳማ ፊቼ ጫምባላላም በ2008 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ሰፍሯል፤ የዚህ በዓል ዕለት የሚታወቀው በአዋጅ ቁጥር ሳይሆን ከዋክብትን በሚያዩ አባቶች ቃል ነው። ሥሩ በየመንደሩ አፈር የገባ ዛፍ ቅርንጫፉ አይለያይም።

ዐድዋን ራሱን እንመልከት። ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበው ጦር ከየማዕዘኑ በየቋንቋው እየፎከረ የመጣ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉን ያስገኘው የየአገሩ ሰው የየአገሩን ጀግንነት ይዞ መምጣቱ ነው። የአራዳ ሰው ያን ቀን ከጊዮርጊስ ጋር አያይዞ ያስበዋል፤ ዕለቱ የጊዮርጊስ ቀን ነውና፣ ካቴድራሉም የድሉ መታሰቢያ ሆኖ የታነጸ ነውና። የዐድዋ ገበሬ ደግሞ ያን ቀን የሚያስበው በሚያርሰው ማሳና በሚያየው ተራራ ነው። መቀሌ የሚያስበው በምሽጉና በተያዘው ውኃ ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዐድዋ መታሰቢያ ታላቅ ሕንፃ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ ትዝታ በየአገሩ ሄዶ የሚሰበስብ ሰው ከሌለ፣ ሕንፃው ብቻውን ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ ድሃ አገር ነን፤ በዓል በዛብን፤ ሥራ እንጂ ትዝታ አያበላም የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የሚያገኘን የዕረፍት ቀን ጠያቂዎች ብንሆን ነበር። እኛ አንድም ተጨማሪ የዕረፍት ቀን አልጠየቅንም። ኅዳር 12 ሥራ አይዘጋበትም፤ የካቲት 12ም ሥራ አይዘጋበትም። በዓልን የሚያኖረው የተዘጋ ቢሮ አይደለም። እንዲያውም ብክነቱ ያለው በመድረኩ፣ በካናቴራውና በየዓመቱ ተሰቅሎ በሚጣለው ጨርቅ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለመምህሩ፦ ከየካቲት በፊት ተማሪውን ወደ ቤቱ ላከው። አያትህ የጣሊያንን ዘመን ከማን ሰማ? በእኛ ወንዝ፣ በእኛ ገበያ፣ በእኛ ዋሻ ምን ሆነ? ብሎ ጠይቆ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጽፎ ይምጣ። የካቲት 12ን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ወደ መቶ የተጠጋ ነው። የቀሩን ከአፋቸው የሰሙ ልጆቻቸው ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። አንድ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ባለፈ ቁጥር አንድ ወረዳ የካቲቱን ያጣል። ይህን ጉዳት ከዚህ በኋላ የሚመጣ በጀት አይመልሰውም።

ለከያኒው፦ ጦርና ጎፈሬውን ለጊዜው በግምጃ ቤቱ ተወው። በስድስት ኪሎ ሐውልት ላይ የተቀረጸውን የሕዝባችንን መከራ የቀረጹልን የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ የየወረዳውን መከራ ስንቱን ቀረጽን? ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አንድን ሰማዕት ከሐውልትነት አውጥቶ በመድረክ ላይ ሰው አድርጎ አቁሞታል። የጎሬው ሰማዕት፣ የዘረት ዋሻ እናቶች፣ የሐረር መጋቢት፣ የጎንደር ኅዳር ገና ደራሲያቸውን ይጠብቃሉ። ሥራው የሚጀምረው ደግሞ ከጽሕፈት ጠረጴዛ አይደለም፤ ቦታው ድረስ ከመሄድ ነው።

ለካድሬው፦ ንግግርህን አሳጥር። በፊተኛው ወንበር ሽማግሌውን አስቀምጥ፤ አንተ ከኋላ ተቀምጠህ አዳምጥ። ሕዝቡ የሚናገረው ከተሰጠህ መመሪያ ጋር ባይገጥም አትቁረጠው፤ መዝግበው። ሥልጣን የያዘ ሁሉ ቀኑ ስለ እርሱ እንዲመሰክርለት ይመኛል፤ ጥቅምት 23፣ መስከረም 2 እና ግንቦት 20 ግን የዚህ ምኞት ፍጻሜ ምን እንደሆነ በቂ ትምህርት ሰጥተውናል።

እኛ በእነዚህ ገጾች የምንጽፍም ከሂሱ ነጻ አይደለንም። በየካቲት የዐድዋ ግጥም፣ በሚያዝያ የአርበኞች ግጥም ማተም ቀላል ነው፤ ስሙ ተለውጦ በየትኛውም ዓመት ሊታተም የሚችል ጽሑፍ ስንት ጊዜ አትመናል! ከእንግዲህ ከወረዳ የሚላክ አንድ የሽማግሌ ቃል፣ ቦታውና ዘመኑ የታወቀ፣ ከዐሥር የውዳሴ ግጥም ይበልጥብናል ልንል ይገባል።

የበዓላት ዝርዝር ነገም ይለወጥ ይሆናል። የሚጽፈው መንግሥት ነው፤ ሊፍቀውም ይችላል። የየካቲት ሰማዕታት ግን የሞቱት ለዝርዝር አይደለም። አያታቸው የት እንደ ወደቀ የሚያውቁ ልጆች ካሉ ቀኑ ያለ አዋጅ ይኖራል። የማያውቁ ከሆነ ግን በአዋጅ ላይ አዋጅ ቢደረብ፣ በሐውልት ላይ ሐውልት ቢቆም፣ የካቲት 12 የአንድ ሕንፃ ስም ሆኖ ይቀራል። የዚህ ዓመት የካቲት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዳችን በአካባቢያችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ፈልገን እንጠይቅ፣ የሰማነውንም እንጻፍ። የበዓሉ ዝግጅት ከዚያ ይጀምራል።